ቴሌቪዥኑ የጾመበት ሁዳዴ

ባለፈው ወር ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር የምትኖር ጓደኛዬ ቤት ስትለቅ ዕቃ ላግዛት ሄድኩ። ቴሌቪዥኗ የተቀመጠበትን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ሳብ ሳደርገው ከኋላው የተጠራቀመው አቧራ አፍንጫዬን ሰነፈጠው። የሞቀ አቧራ ሽታ ነው፤ ከሽቦና ከፕላስቲክ ሽታ ጋር የተደባለቀ። አጎንብሼ እንዳለሁ ፊቴ ጋለ። ጓደኛዬ ወገቤን የያዘኝ መስሏት "ተይው፣ እኔ እስበዋለሁ" አለችኝ። ወገቤስ ደህና ነበር። ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ግን አፍራለሁ። ሌላውን ሰው ሽታ ያስርበዋል ወይም ያስነጥሰዋል፤ እኔን ያሳፍረኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ያሳለፍኩት ሁዳዴ ነው ያን የሚያደርገኝ።

እናቴ ዘነበች አንድ ዲፕሎማት ቤት ታጸዳና ታበስል ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ስለቀረ የማውቀው በስልክ ብቻ ነው። ከዚያ ዓመት በፊት የኖርነው እናቴ ከምትሠራበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። አልጋችን ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን ስለነበር ማሽኑ ሲጨምቅ ትራሴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ሁሉም ልጅ እንደዚያ እየተንቀጠቀጠ የሚተኛ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ቅዳሴ ባለቀ ቁጥር የአባን መስቀል ስትሳለም የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። "አባ፣ ለቤት ጸልዩልኝ" ትላቸው ነበር።

ቤቱ በመስከረም ተገኘ። ቬርኒየ ውስጥ ሊንዮን የሚባለው፣ ከአንዱ ጫፍ ቆመው ሌላው ጫፍ የማይታይ ሕንጻ ላይ ሁለት ክፍል። እናቴ ለሰው ሁሉ "ሬዢው በመጨረሻ ሰጠኝ" አለች። ሬዢ የምንለው ቤት የሚያከራየውን ድርጅት ነው፤ ጄኔቭ ውስጥ ከሬዢ ቤት ማግኘት ሎተሪ እንደ መውጣት ስለሆነ ምእመኑ በሙሉ ተደሰተ። ለቤት ምርቃት መጡ። አባ ከመግቢያው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ጠበል ረጩ። አንዷ ብርድ ልብስ፣ ሌላው ድስት፣ ሌላዋ ትልቅ መስታወት አመጡልን። እናቴ ያን ዕለት ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው። ምድር ቤት ስንኖር ጣሪያው ዝቅተኛ ስለነበር ነው መሰለኝ ከዚያ በፊት ትጎብጥ ነበር።

ጋሼ ይልማ ያመጡልን ቴሌቪዥናቸውን ነው። በወጣትነታቸው ከአዲስ አበባ ተሰደው የመጡ፣ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሁልጊዜ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው የሚቆሙት። ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገበያ ጋሪ እየገፉ፣ በአውቶቡስ ነው ያመጡት። እናቴ አይሆንም ብትል "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ብቻውን ያየም ያው ነው። እሑድ እሑድ እየመጣሁ ከናንተ ጋር አየዋለሁ" አሏት።

እንዳሉትም አደረጉ። የበረዶውን ክረምት በሙሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእኛ ጋር ይመጡና የስኪ ውድድር ያያሉ። ጋሼ ይልማ ራሳቸው በረዶ ላይ ስኪ አድርገው አያውቁም፤ ደረጃችን ላይ ትንሽ በረዶ ካለ የእናቴን ክንድ ይዘው ነው የሚወርዱት። ሶፋችን ላይ ከተቀመጡ ግን ከተወዳዳሪው ጋር ይወርዳሉ። ልጁ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሳቸውም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ይዘማሉ፤ እኔም አጠገባቸው ስለምቀመጥ አብሬ እዘማለሁ። የስዊሱን ተወዳዳሪ "ልጃችን" ነበር የሚሉት። እናቴ በሳምንት ውስጥ ያለ ሥራ የምትቀመጠው ያኔ ብቻ ነው፤ ጋሼን እያየች ትስቅ ነበር።

አንድ ነገር ልናገር። ከታች የፖስታ ሳጥናችን ላይ የተጻፈው ስም "ደምሴ" ነበር። የእናቴ አባት ስም ግን ሌላ ነው። እንግዶች ሲጠይቋት እናቴ "የአያቴ ስም ነው፤ ፈረንጆቹ የመጨረሻውን ነው የሚጽፉት" ትላቸዋለች። ይህን ማንም አይጠራጠርም። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በየሰዉ መታወቂያ ላይ አንድ የሞተ አያት ቤተሰቡን በሙሉ ሲያስተዳድር ማየት የተለመደ ነው። እኔማ ደምሴን ወደድኩት። ቅድመ አያቴ ነው። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ ሲሉን ከላይ በነጭ ፈረስ ላይ አስቀምጬ ትልቅ ጢም ሣልኩለት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፖስታ ሳጥኑን መታ አድርጌ "ደህና ዋልክ ደምሴ" እለው ነበር።

ደምሴ የሚባል አያት አልነበረንም። ቤቱ በጽጌ ስም ነበር። ጽጌ የእናቴ የድሮ ጓደኛ ናት፤ ሰው ወዳ ዙሪክ ሄዳ፣ ነገሩ ካልሆነ የምመለስበት አጣለሁ ብላ የጄኔቭ ቤቷን ለሬዢው ሳትመልስ ለእናቴ ሰጠቻት። ይህ ከታወቀ ሬዢው ሁለታችንንም ማስወጣት ይችላል። እናቴ ለማንም አልተናገረችም፤ ለንስሐ አባቷም ጭምር። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም፤ የማውቀው ቅድመ አያቴን ብቻ ነው።

ሁዳዴ በገባበት ሳምንት ሐሙስ ቀን በራችን ተንኳኳ። የኬብል መስመር የሚመረምር ሰው ነበር፤ የመሣሪያ ሳጥን ይዞ፣ ጫማው ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቆ የገባ ትሑት ሰውዬ። "ማዳም ደምሴ?" አላት። እናቴ "ዊ" አለች። የእናቴ ፈረንሳይኛ ለወጥ ቤትና ለአውቶቡስ የሚበቃ ስለሆነ እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው። ሰውዬው ይህ ቤት የቴሌቪዥን ውል እንደሌለው፣ መስመሩ ግን ክፍት ሆኖ እንደተገኘ ነገረን። ስለዚህ ፊልትር ይገጥማል፤ ማዳም ከፈለገች በስሟ ደውላ ውል ስትይዝ መጥተው ይፈቱላታል።

"ምን አለ?" አለችኝ።

ፊልትር እኔ የማውቀው የሻይ ማጥለያውን ነው። "ማጥለያ ሊገጥም ነው" አልኳት።

"ምን ሊያጠልበት?"

ትንሽ አሰብኩ። "ቆሻሻውን መሰለኝ" አልኳት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ተቃውሞ አልነበራትም። ሰውዬው ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አራቀ፤ ያ የሞቀ አቧራ ሽታ ተነሳ። በሶኬቱና በገመዱ መካከል ጣት የምታህል ብርማ ነገር ጠመዘዘ፤ እንዳትፈታም ቀይ የፕላስቲክ ማኅተም አሰረባት። እናቴ "መርሲ፣ መርሲ ቦኩ" እያለች እስከ ሊፍቱ ሸኘችው።

ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። ምንም የለም። ሁሉንም ቁጥር ተጫንኩ፤ የሚንጫጫ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ማጥለያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ለካ ቴሌቪዥን ላይ አንድም ንጹህ ነገር አልነበረም፤ ካርቱኑም፣ የአየር ትንበያውም፣ ጋሼ የሚወዱት ስኪ እንኳ ሳይቀር ቆሻሻ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገብቼ ጆሮዬን ብርማዋ ላይ ለጠፍኩ። የተያዙት ሰዎች እዚያ ውስጥ ሲንጫጩ የሚሰሙ መስሎኝ ነበር። ወጥ ቤት ሄጄ እናቴን መቼ እንደሚመለሱ ጠየቅኳት። ድስት እያጠበች ነበር። ዞር ሳትል "አሁን ጾም አይደለም እንዴ?" አለችኝ። እሷ እኔን ከእግሯ ሥር ለማባረር ነው። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ሥጋ ጾመናል፣ ወተት ጾመናል፣ ቴሌቪዥኑም ጾም ገብቷል። ሰውዬው ለዚህ ነው በጾሙ መጀመሪያ የመጣው።

እሑድ ጋሼ ይልማ እንደልማዳቸው ጫማቸውን አውልቀው፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ሪሞቱን አነሱ። እናቴ ከወጥ ቤት ምግብ ይዛ ብቅ ስትል አየኋት፤ ምን ልትላቸው እንደነበረ አላውቅም። እኔ ቀደምኳት።

"ጋሼ፣ አይከፈትም። ቴሌቪዥኑ ጾም ላይ ነው።"

ጋሼ ሪሞቱን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ወደ እናቴ ዞሩ። "እውነት ነው ዘነበች?"

እናቴ ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ያን ጊዜ "የለም ጋሼ፣ ልጅ ናት፣ ገመዱ ተበላሽቶ ነው" ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ገመዱ ከተበላሸ ለምን አይደወልም ይባላል፤ በማን ስም ይባላል። "አዎ ጋሼ" አለች። "ልጅቷ ከመጽሐፏ ጋር ትቀመጥ ብዬ ነው።" የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ፤ ወለም ያለው አፍ የእኔ፣ የታመመችው እሷ።

ጋሼ ይልማ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር መጣ፤ አሁን ሳስበው መገረምም ማፈርም ነበረበት። የቀረበላቸውን በልተው ቶሎ ተነሱ። "እንግዲህ እኔ እየመጣሁ አልፈትናችሁም፤ ለፋሲካ ያድርሰን" ብለው ሄዱ።

ነገሩን ለአባ የነገሩት እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው እሑድ አባ በስብከታቸው ጾም ከሥጋና ከቅቤ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዐይንም እንደሚጾም ካስተማሩ በኋላ፣ በዚህ በሰው አገር ቤቷ ውስጥ ይህን የጀመረች እናት መካከላችን አለች አሉ። ስም አልጠሩም። ሰው ሁሉ ግን ወደኛ ዞረ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ሳበች፤ ያንንም እንደ ትሕትና ቆጠሩላት። በሳምንቱ ሌሎችም ቤቶች ቴሌቪዥናቸውን በጨርቅ ሸፈኑ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን ጠሉኝ። አንዷ ደረጃው ላይ ይዛኝ "አንቺ ነሽ፣ አ ኮዝ ደ ትዋ ካርቱን የለም፤ ማማ ዘጋች" አለችኝ፤ በአንቺ የተነሳ ማለቷ ነው። እኔ ኮራሁ። ሰማዕታት የሚደርስባቸው እንደዚህ ያለ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ።

ጋሼ ይልማ አልመጡም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናቴ ጋር ተሰነባብተው በሌላ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ቤታችን ጸጥ አለ። እናቴም መቀመጥ ተወች፤ እሑድ ከሰዓት ልብስ ትተኩሳለች፣ የተተኮሰውን ደግማ ትተኩሳለች።

አንድ ቅዳሜ ጫማ ልትገዛልኝ ትልቁ የገበያ ማዕከል ወሰደችኝ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጡበት ቦታ ስንደርስ እናቴ ድንገት ቆመች። ለሽያጭ የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች ሁሉ በአንድ ላይ ስኪ ያሳያሉ። ከፊታቸው ጋሼ ይልማ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ጎመን የያዘ ፌስታል፣ በሌላው ቆባቸው። "ልጃችን" እየወረደ ነበር። ጋሼም ከሰው መካከል ሆነው በትንሹ ወደ ግራ፣ በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። አንድ ሻጭ መጣና ምን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈገግ አሉ፤ ራቅ ብለው ደግሞ ቆሙ።

"ጋሼ!" ብዬ ልጮህ ስል እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችኝ። እጄን ይዛ ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ በሌላ በር አስወጣችኝ። ጫማ ሳንገዛ ተመለስን። አውቶቡስ ውስጥ "የራሳቸውን ቴሌቪዥን" አለች፤ ለእኔ አልነበረም። "የራሳቸውን ቴሌቪዥን እኮ ነው።"

በሚቀጥለው ረቡዕ ትምህርት ስለሌለ፣ እናቴ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ በባቡር ዙሪክ ሄድን። ጽጌን ያየሁት ያን ቀን ነው። ላንግሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ሳቂታ፣ ድምፀ ጎላ፣ እጇ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል ሴት ናት። አቅፋ ሳመችኝና ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠችኝ። የሷ ቴሌቪዥን አይጾምም ነበር። ሁሉም በጀርመንኛ ያወራል። ዐይኔን ልጨፍን ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

እናቴ ከኋላዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለመነቻት። አንድ ጊዜ ብቻ ትደውልላት፣ በስሟ ውሉን ትክፈትላት፣ ወጪው የእናቴ ይሁን።

"ዘኑዬ፣ ወጪው አይደለም ችግሩ" አለች ጽጌ። "ከደወልኩ ስሜ ይነሳል። ስሜ ከተነሳ ፌርቫልቱንጉ ሴትየዋ የት ናት ማለቱ አይቀርም።" ቤት አከራዩን ዙሪክ እንደዚያ ነው የሚሉት። "አንቺም ልጅሽም ውጭ፣ እኔም ቤቴን አጣሁ። ለቴሌቪዥን ብለሽ?"

"ለቴሌቪዥን አይደለም።"

"ታዲያ ለምንድነው?"

ጽጌ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ነገሩን ለማቅለል ወሬ ቀየረች። አባቷ ደምሴ ከደብረ ብርሃን ደውሎላት እንደነበር፣ ጉልበቱን ቢያመውም አሁንም ሰው እንደሚቆጣ ማውራት ጀመረች።

እኔ ዞርኩ። "ደምሴ የኔ ቅድመ አያት ነው" አልኳት። "ሞቷል። ፈረስ ነበረው።"

ጽጌ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ውይ አባዬ፣ ፈረስ ላይ ወጣ?" አለች። ወደ እናቴ አየሁ። እናቴ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ጨው በጣቷ ትሰበስብ ነበር። ሳትናገር ገባኝ። ቅድመ አያቴ ያን ቀን ሞተብኝ፤ የሚለቀስለትም አልነበረም።

ባቡር ላይ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ቤቱ የጽጌ ነው?"

"የጽጌ ነው።"

"ቴሌቪዥኑስ? ጾም አይደለም?"

"አይደለም።" ወደ መስኮቱ ነበር የምታየው። "ለማንም እንዳትነግሪ ሶስና። ሰው ቤት አላት ብሎኛል። ምድር ቤት የምትኖረዋ ሆኜ ደግሜ አልታይም።"

ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደሚያሳፍር ልነግራችሁ አልችልም። በልጅነቴ ማፈርን የማውቀው ሱሪ ሲረጥብ ወይም ሂሳብ ስሳሳት ነበር። ይኼኛው ከዚያ የተለየ ነው፤ ሲያመሰግኑኝ ነው የማፍረው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ ፊት ለፊት ታስቀምጠኛለች። ለሆሳዕና ዘንባባ ይዤ ልጆቹን እንድመራ መረጡኝ። አባ ራሴ ላይ እጃቸውን ጭነው "ያስጀመረችን ትንሿ ናት" ሲሉ የሚይዙት ራስ የኔ ባይሆን ደስ ባለኝ። እናቴን ማየት ፈራሁ፤ እሷም እኔን። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኛን ግን በየሳምንቱ ሌላ ሰው እየመጣ ይጨምርበት ነበር።

የመጨረሻውን የጨመሩት ጋሼ ይልማ ናቸው። በዚያው በሆሳዕና፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዐይኑን የጾመ ሁሉ ጾሙን አብሮ ይፍታ፣ የሚፈታውም በተጀመረበት በዘነበች ቤት ይሁን አሉ። በፋሲካ ከሰዓት ሰው ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑ እንዲከፈት። አባ ወደዱት። ሰው ሁሉ እናቴን አየ። እንግዳ አይመለስም። "ደስ ይለኛል" አለች እናቴ፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ሹር ከሰዓት፣ ቤቱ ጸድቶ፣ ዶሮው ለወጥ ተሰናድቶ፣ እናቴ ከዓርብ ጀምሮ እህል ሳትቀምስ፣ ሳሎን ገባሁ። ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው አርቃው ከኋላው ቆማለች። በእጇ ብርጭቆ ውሃ ይዛለች። ከላይ ያለው የአየር መውጫ ቀዳዳ ላይ አዘንብላዋለች። ያው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ውሃው ጫፍ ላይ ደርሶ አልፈሰሰም። ምን ልታደርግ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ከተበላሸ ማንም ስለ ስም አይጠይቅም። እንድታፈስሰው ተመኘሁ። በልቤ "አፍስሺው፣ አፍስሺው" አልኩ። ከዚያ ብርጭቆውን አቅንታ ውሃውን ወደ አበባው ወስዳ ደፋችው። "የሰው ስጦታ ነው" አለች።

በፋሲካ ከሰዓት መጡ። ቤታችን ቁጭ ብድግ የማይቻልበት ሆነ። በሉ፣ ጠጡ፣ ሳቁ። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከበው ወለል ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ይልማ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው የድሮ ቦታቸው ላይ ናቸው። አባ ማዕዱን ባረኩና ቆመው ከዛሬ ጀምሮ በበዓለ ሃምሳ ጾም ክልክል እንደሆነ፣ የሚጾም ቢኖር ሥርዓት እንደሚያፈርስ ተናገሩ። ሪሞቱን አንስተው ለእኔ ሰጡኝ። "በይ፣ የጀመርሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ወደ እናቴ አየሁ። ሳህን ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ተጫንኩት።

ግራጫው ወጣ፤ ሲንጫጫ። ልጆቹ "ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ቁጥር" አሉኝ። ሌላም ተጫንኩ። ታምራት የሚባል፣ ዕቃ መነካካት የሚወድ፣ የአንዷ እንግዳ ባል "ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል" ብሎ ተነስቶ ከኋላ ገባ። ከዚያ ሆኖ "አሃ፣ ፊልትር ገጥመውባችሁ ነው" አለ። ክፋት አልነበረውም። "ውል የሌለው ቤት ላይ የሚያደርጉት ነው፤ ማኅተሙ እንኳ አልተፈታም። ቀላል ነው፣ ነገ ይደወልላቸዋል። በማን ስም ነው እትዬ ዘነበች? በአያትሽ ስም ነው አይደል፣ በደምሴ?"

መልሱን በእጇ ሰጣት። አዎ ብትል ያልፍ ነበር፤ እኔም አዎ እንድትል ጠበቅኩ።

"ደምሴ አያቴ አይደለም" አለች እናቴ። ሳህኑን አስቀመጠች። "ቤቱም የኔ አይደለም። የሰው ቤት ነው፣ በሰው ስም ነው የምኖረው። ጾምም አልነበረም። ዘግተውብኝ ነው።"

ቴሌቪዥኑ ብቻ ይንጫጫል። ብርድ ልብስ የሰጠችን ሴት ብርድ ልብሷ የተነጠፈበትን ሶፋ በእጇ ስትነካው አየሁ። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ እናቴን አዩዋት። ሳይቆጡ፣ በእውነት ማወቅ ፈልገው ነበር የጠየቋት።

"ልጄ፣ ታዲያ ያን ቀን ጠበሉን የረጨሁት የማን ቤት ነው?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ሳበች። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ ሲያፍር አላየሁም።

ጋሼ ይልማ ከሶፋው ተነሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ነው የተነሱት። "አባ" አሉ፤ "እኔ ከአገሬ ከወጣሁ ሁዳዴ ጾሜ አላውቅም። ከኋላ የምቆመው ለዚህ ነው። ዘንድሮ ይቺ ሴት ለልጇ ብላ ቴሌቪዥን ዘጋች ሲባል አፍሬ ጾምኩ። ሙሉውን። ዛሬ ሌሊት ቆረብኩ።" ሰው ሁሉ ሲያያቸው ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። "የሷ ውሸት ከሆነ የኔ ጾም ምንድነው ሊባል ነው?"

እናቴ ያን ስትሰማ መሬት ላይ ወደቀች፤ ግንባሯን ወለሉ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና "ይቅር በሉኝ" ትል ጀመር፤ ለአባ ይሁን ለጋሼ አይታወቅም።

አባ ጎንበስ ብለው ክንዷን ያዙ። "ተነሺ ልጄ" አሏት። "በነዚህ ቀናት ስግደት የለም። ክርስቶስ ተነስቷል፤ ቁሚ።"

ተነሳች። ነጠላዋ ወለሉ ላይ ቀረ። ፊቷ እንደተገለጠ፣ እንባዋን ሳትጠርግ፣ በምርቃቱ ቀን እንደነበረው ቀጥ ብላ ሰው ሁሉ ፊት ቆመች። እንግዶቹ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩና እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር። ወደኔ አላየችም።